ከግድግዳ ጋር የተጫወትኩበት ክረምት

ሐምሌ 8 ቀን 2016፣ ደብረ ማርቆስ

ከሰዓት በኋላ ገባሁ። ከአዲስ አበባ ጀምሮ ዝናቡ አልተለየንም። እማዬ አልጋ ላይ ናት። ከይጁቤ ገበያ ስትመለስ አዳልጧት በዳሌዋ ወድቃለች፤ ሐኪሞቹ አጥንቱ ተሰንጥቋል፣ ተኝታ ትክረም ብለዋል። ስታየኝ አለቀሰች፤ ወዲያው ደግሞ ከስተሻል ብላ ተቆጣችኝ።

ሽታዬ በር ላይ ተቀበለችኝ። ታናሽ እህቴ ናት። እኔ በልጅነቴ አዲስ አበባ አክስቴ ዘንድ ስላክ እሷ እዚሁ ቀረች፤ አሁን የጌሾ ንግዱንም፣ ቤቱንም፣ እማዬንም የያዘችው እሷ ናት። ሻንጣዬን ተቀብላኝ ገባች። የራኬት ቦርሳዬን ግን አልነካችውም። እሱን አንቺው ያዥው፣ እንዳልሰብርብሽ አለችኝ።

ሁለት ሳምንት እቆያለሁ። ከዚያ በላይ አልችልም። ጥቅምት ላይ ናይሮቢ ውድድር አለ። ስሜ በዓለም የቴኒስ ደረጃ ሰንጠረዥ ላይ ያለው አምና እዚያ ባገኘኋቸው ጥቂት ነጥቦች ነው። ነጥብ ዓመት ሲሞላው ይሰረዛል፤ በአዲስ ካልተካሁት ስሜም አብሮት ይወጣል። ደረጃዬ ከሺህ በኋላ ነው። ቢሆንም ደረጃ ነው።

ትከሻዬ ደህና ነው። የአውቶቡሱ መቀመጫ አደንዝዞት ነው እንጂ።

ሐምሌ 11

ከድሮው የእህል መጋዘን ጀርባ ሰፊ የሲሚንቶ ወለልና ረጅም ግድግዳ አገኘሁ። ዘበኛው አያ አለበል ምን እንደምፈልግ ሦስቴ አስደግመውኝ ፈቀዱልኝ። ወለሉ ተሰነጣጥቆ ሣር በቅሎበታል፤ ግድግዳው ግን ጥሩ ነው። በከሰል የመረቡን ከፍታ አሰመርኩበት። በቀኝ ፎርሃንድ፣ በግራ ባክሃንድ፣ ፎርሃንድ፣ ባክሃንድ። ኳሱ ውሃ ሲጠጣ እንደ ድንጋይ ይከብዳል።

ሰርቭ፣ ኳሱን ወደ ላይ ወርውሮ ከራስ በላይ የሚመቱትን መክፈቻ፣ አልሠራሁም። ወለሉ ለሰርቭ አይመችም።

ሐምሌ 15

ዝናብ። አልወጣሁም። ሂዊ ጋ ደወልኩ፤ ገና ሄሎ ስትል ተቆረጠ። የጥንድ ጨዋታ ባልደረባዬ ናት፤ አራት ዓመት በአንድ ክፍል እያደርን፣ በአንድ ሳሙና እየታጠብን አፍሪካን ዞረናል። ስለ ናይሮቢ ልትጠይቀኝ እንደሆነ አውቃለሁ። መልሼ አልሞከርኩም፤ መስመሩ ያው ነው።

ሐምሌ 19

እማዬን ሊጠይቁ የመጡ ሰዎች ቤቱን ሞልተውት ዋሉ። ጥግ ላይ ተቀምጬ ሳለ አንዷ ሴትዮ ሯጯ ልጅሽ ይህች ናት ወይ ብላ ጠየቀቻት። እማዬ አይ፣ ኳስ ነው የምትጫወት አለች። እግር ኳስ?

"አይደለም፤ ያ በወንፊት የሚመቱት" አለች እማዬ።

ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። አግብታለች ወይ ሲሏት ደግሞ ገና ናት፣ አልደረሰችም አለች። ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነው።

ሽታዬ ቆሎ እያዞረች ነበር። እሷ አልሳቀችም።

ሐምሌ 23

መንገዱ ተዘጋ። ከትናንት ጀምሮ አውቶቡስ አልወጣም፣ አልገባም። ዳታ የለም፤ ስልኩም ሲፈልግ ነው የሚሠራ። ማን እንደዘጋው፣ መቼ እንደሚከፈት ሲጠይቅ ያየሁት ሰው የለም። ሁሉም ዘይቱንና ጨውን ገዝቶ ቤቱ ገባ። ሽታዬ ቀድማ ገዝታለች።

የኔ ሁለት ሳምንት እያለቀ ነበር። ሻንጣዬን ላዘጋጅ ነበር። እውነቴን ነው፣ ላዘጋጅ ነበር።

ጠዋት ስነሳ እንዴት እንደሆነ እንጃ ቀለል ብሎኝ ነበር። አየሩ ስለጠራ ይሆናል።

ሐምሌ 28

በጓሮ በኩል ስገባ ሽታዬ ከጎረቤት ሴት ጋር ታወራለች። ቆሜ ሰማሁ። መስማት አልነበረብኝም።

"ውሃ አታነሳ፤ እማዬን ስናገላብጣት አትደግፍ። ስትነጋ ወጥታ ግድግዳ ስትደበድብ ትውላለች" አለቻት። ከዚያ "እንግዳ ናት፤ ምን ይደረጋል" አለች።

ቁጣ የለበትም። ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

አልገባትም። ለኛ እጅ መሣሪያ ነው። አንድ ጀሪካን ውሃ የሳምንት ልምምድ ያበላሻል። የትኛውም አሰልጣኝ ይኸን ይናገራል። ደግሞ እማዬን እኔ ብይዛት ሁለታችንም ልንወድቅ እንችላለን፤ ለሷ ብዬ ነው።

ራት ሲቀርብ ሳህኔን አየሁት። አበባ የተሳለበት ነው። የእማዬና የሽታዬ ሳህን ቆርቆሮ ነው። አበባ ያለው ቁም ሳጥን ውስጥ የሚቀመጠው ሰው ሲመጣ እንዲወጣ ነው። ከመጣሁ ጀምሮ በሱ ስበላ ከርሜ ሳላስተውለው ቀርቻለሁ።

ነሐሴ 3

ፍልሰታ ገባ። ሰፈሩ እስከ ቅዳሴ መውጫ ድረስ ጭር ይላል። እኔም ሄጄ አስቀደስኩ፤ የማውቀው ሰው አልነበረም። አብረውኝ አንደኛ ክፍል የተማሩ ሴቶች ልጆቻቸውን አዝለው ቆመው ይሆናል፤ ፊታቸውን አልለየሁም፣ እነሱም አልለዩኝም።

ከሰዓት መሪጌታ አካለ ወልድ እማዬን ሊጠይቁ መጡ። ሥራሽ ምንድን ነው አሉኝ። ቴኒስ አልኳቸው። አሰብ አድርገው "ከ'ተንሥኡ' የመጣ ይሆን?" አሉ። ዲያቆኑ ሕዝቡን ለጸሎት ተነሡ የሚልበት ቃል ነው። እማዬ ዳሌዋን ይዛ ሳቀች። እያመማት ስትስቅ ማየት ደስ ይላል።

ከዚያ መሪጌታ ጨዋታውን ከነማን ጋር እንደምጫወት ጠየቁኝ። ለብቻ ነው አልኳቸው፤ ወዲያ ማዶ ባላጋራ፣ ወዲህ እኔ ብቻ። ስትወድቂስ ማን ያነሳሻል አሉኝ። ራሴ አልኳቸው። መልሼ ሳስበው ኩራት ይመስል ነበር። እሳቸው ግን ያዘኑ መሰሉ።

ነሐሴ 10

ዛሬ ሰው አገኘሁ። አይናለም ትባላለች፤ የስፖርት አስተማሪ ናት። አያ አለበል ናቸው የነገሯት። ሽቦው የተጣመመ የራሷን ራኬት ይዛ መጣች። ቴኒስ የተማረችው አንድ ሴሚስተር ብቻ ነው፤ ቢሆንም ትሮጣለች። የመጋዘኑን ገመድ ወጥረን መረብ አደረግነው። ኳስ በሳተች ቁጥር ትስቃለች። ከኔ ወገን የሚመጣ ኳስ ከግድግዳ ውጭ ሌላ ሰው ሲመልሰው ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ።

እሷ ስትሄድ ኳሶቹን ለቀምኩ። ቦታው ከበፊቱ የበለጠ ጸጥ አለብኝ።

ነሐሴ 14

አይናለም መጣች። ጥሩ ቀን።

ነሐሴ 21

አይናለም አንድ ነገር ላንሳ ካልተቀየምሽኝ አለች። ስንጀምር ሁልጊዜ ኳሱን ከታች ነው የምትመቺ፣ ሰርቭ ከላይ አይደለም ወይ አለችኝ። ከላይ ብመታልሽ አትመልሺውም አልኳት። እውነት ነው፣ አትመልሰውም። ፊቷ ግን ተለወጠ። እኔም ጠንከር ብዬ ነበር የተናገርኩት።

ኪጋሊ ላይ፣ ግንቦት፣ ማሸነፊያው ኳስ እጄ ውስጥ ነበር። ነፋስ ነበር። ሁለቴ ሰርቭ ሳትኩ፤ ነጥቡም ጨዋታውም አመለጠኝ። ሂዊ ከሜዳው ዳር ቆማ ታየኝ ነበር። በነፋስ ምክንያት ነው አልኳት፤ አዎ አለች። የዚያን ቀን ነፋስ መኖሩን ማንም ሊመሰክር ይችላል።

ነሐሴ 27

አይናለም አልመጣችም። ባሏ ጋ ለመሄድ መንገድ እየጠበቀች ነበር፤ በእግርም በጋሪም ብላ መውጫ አግኝታለች አሉ አያ አለበል። ራኬቷን ለኔ ትታልኛለች። ሳልሰናበታት ሄደች። ወይስ እኔ ነኝ ያልተሰናበትኳት? ያለፈውን ሳምንት ሙሉ ራሴን አሞኛል ብዬ ቀርቼ ነበር።

ግድግዳ። ከሰሉን ዝናብ አጥቦታል። እንደገና አሰመርኩ።

ጳጉሜን 3

መንገዱ ተከፍቷል እየተባለ ነው። ሁለት አውቶቡስ ታጅቦ ወጣ አሉ። እኔ የመጀመሪያዎቹን አላምንም። ትንሽ ይረጋ።

መስከረም 1 ቀን 2017

እንቁጣጣሽ። ሽታዬ ለእማዬ አዲስ ቀሚስ አለበሰቻት። ፀጉሯን አጥባ ሹሩባ ሠራቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ነይ ላንቺም ልሥራልሽ አለችኝ። ሻሽ ይሻለኛል አልኳት። ከመጣሁ ጀምሮ ሻሽ አስሬ ነው ያለሁት። እንደወደድሽ ብላ ማበጠሪያውን አስቀመጠች።

እሷ በልጅነቷ ፀጉሯን ሌላ ሰው እንዲነካባት አትፈልግም ነበር፤ እኔ ብቻ ነበርኩ የምሠራላት። ለምን ዛሬ ትዝ እንዳለኝ አላውቅም።

መስከረም 5

ኔትወርክ መጣ። ስልኬ ጠረጴዛው ላይ እየተንቀጠቀጠ አላቆም አለ። የሂዊ መልእክቶች ከክረምቱ መጀመሪያ ጀምሮ በተርታ ገቡ።

ደርሰሻል ወይ? እናትሽ እንዴት ናቸው? ዓለምዬ መስመር ስታገኚ ደውዪ። የናይሮቢ ምዝገባ ሊከፈት ነው፣ አብረን እንግባ? መልሺልኝ። ደህና መሆንሽን ብቻ ንገሪኝ። አሰልጣኛችን ሌላ ባልደረባ ፈልጊ ይለኛል፣ እኔ እምቢ ብያለሁ። አሁንም እምቢ ብያለሁ። የመጨረሻው የተጻፈው ትናንት ነው፦ ከዩጋንዳዊቷ ልጅ ጋር ተመዘገብኩ፤ አትቀየሚኝ።

በአምስት ደቂቃ ውስጥ አንድ ክረምት ስትለምነኝና ተስፋ ስትቆርጥ አየሁ። ደስ ብሎኛል፣ ይቅናችሁ ብዬ ጻፍኩላት። የሚስቅ ፊትም ጨመርኩበት።

በነጠላ ለመመዝገብ እስከ ዓርብ ጊዜ አለኝ። ጊዜ አለኝ።

መስከረም 10

ዓርብ። ቀኑን ሙሉ ስልኩን ይዤ ዋልኩ። ኔትወርኩ ደካማ ነበር። ሙሉ ያሳያል፤ ግን ደካማ ነበር። እማዬም ሾርባ ፈልጋ ነበር። ከሰዓት ዝናብ ጣለ። ሲመሽ ምዝገባው ተዘጋ።

በመንገዱ ምክንያት ነው። ማንም ይረዳኛል።

መስከረም 18

በመስቀል እማዬ ምርኩዟን ይዛ ደጅ ወጣች፤ የደመራውን ጭስ ከበሩ ላይ ቆማ አየች። ዛሬ ደግሞ ብቻዋን እስከ ጎረቤት ደርሳ ተመለሰች። ገና ናት፤ አሁንም ሰው ያስፈልጋታል አልኩ። እሷ አጠገቤ ተቀመጠችና ጉልበቴን ያዝ አደረገችኝ።

"እኔስ ዳንኩ። አንቺስ?" አለችኝ።

ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም። መድኃኒቷ ያደናግራት ይሆናል።

መስከረም 20

ከሽታዬ ጋር ተጣላን። አልጮኸችም። የጌሾውን ማዳበሪያ እየሰፋች ነበር፤ ቀና ሳትል አውቶቡስ ትናንትም ዛሬም ሄዷል፣ ለምን አትሄጂም አለችኝ። እማዬን ትቼ እንዴት እሄዳለሁ አልኳት።

መርፌውን አስቀመጠች።

"እማዬን አንድ ቀን አንስተሻት ታውቂያለሽ?"

ዓይኔን ወደ ማዳበሪያው መለስኩ።

"ክረምቱን ሙሉ እኔ ነኝ ያነሳኋት፣ እኔ ነኝ ያስተኛኋት። ወገቤ ተቆርጧል። አንቺ በር ላይ ቆመሽ ታያለሽ። ለራኬትሽ የምትሳሺለት እጅ ለእናትሽ አልሆነም።"

አንድ ቃል ብናገር ያልቅ ነበር። አልተናገርኩም። ብናገረው እውነት ይሆናል። እስከ አሁን እኮ ለማንም አልተነገረም፤ ያልተነገረ ነገር ሊድን ይችላል። እሷ ክፉ ብትለኝ ይሻለኛል።

መስከረም 27

ሽታዬ አታናግረኝም። በማዕድ ጨው ስጪኝ ትላለች፣ ጨው እሰጣታለሁ። እማዬ አንዴ እሷን አንዴ እኔን ታያለች። የጮቄ ተራራ ብርድ ገብቷል፤ ሰማዩ ግን ጥርት ብሏል። ገበሬው ሁሉ ጤፉ ላይ ነው። እኔ ግድግዳዬ ጋ ሄድኩ። በግራ እጄ ሞከርኩ። ሳቄ መጣ። ከዚያ አልመጣም።

ጥቅምት 4

ሰኞ። ደረጃ የሚወጣበት ቀን ነው። ጠዋት ከመጋዘኑ ጀርባ ተቀምጬ ሰንጠረዡን ከፈትኩት። ወደ ታች ወረድኩ፤ ወረድኩ፤ አለቀ። ስሜን በሌላ አጻጻፍም ፈለግሁ። የለም።

እዚያ ሰንጠረዥ ውስጥ ለመግባት የሄድኩባቸው ከተሞች አሉ። ብቻዬን የበላሁባቸው የሆቴል ጠረጴዛዎች አሉ፤ ተሸንፌ ሻወር ውስጥ ያለቀስኩባቸው፣ አሸንፌ የምደውልለት ሰው ያጣሁባቸው ማታዎች አሉ። እናቴ በሽታ ላይ ሳለች ያልመጣሁባቸው በዓላት አሉ። እንዲህ ያለ ነገር ሲሞት ለቅሶ የለውም። ይህ ከተማ ውስጥ ይኸን ልነግረው የምችለው ሰው የለም። ብነግረውም ምን እንደጠፋብኝ አያውቀውም።

ተነሳሁና ከግድግዳው ራቅ ብዬ ቆምኩ። ከግንቦት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ኳሱን ወደ ላይ ወረወርኩት። ክንዴ እስከ ጆሮዬ ሄደና ቆመ። እንደ ቢላ ነው የወጋኝ። ኳሱ ከኋላዬ ወደቀ። አያ አለበል ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ።

ጥቅምት 5

እንዲህ ሆነ። ጠዋት ሽታዬ ገበያ ሄዳለች ብዬ ሻሼን ፈታሁ። ፀጉሬ ከክረምቱ ወዲህ በደንብ አልተበጠረም፤ ተያይዞ እንደ በግ ፀጉር ሆኗል። በግራ እጄ ለማበጠር ስታገል ሽታዬ በሩን ከፍታ ገባች። ቦርሳዋን ረስታ ነበር።

ቆማ አየችኝ። ምንም ሳትል መጥታ ማበጠሪያውን ከእጄ ወሰደች። ከኋላዬ ተቀምጣ ቀኝ ክንዴን ከመንገዷ ለማንሳት ቀና ስታደርገው ሳላስበው ጮኽኩ።

እጇ አየር ላይ ቀረ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ከግንቦት።"

"ሐኪም አይቶታል?"

አላየውም አልኳት። ለምን አለችኝ። አይሆንም እንዳይለኝ ብዬ ነው አልኳት። ስናገረው እንዴት ትንሽ ነገር እንደሚመስል።

ማበጠሪያውን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ድምፅዋ ተለውጦ "ታዲያ እኔ ያን ሁሉ ስልሽ ለምን ዝም አልሽኝ?" አለች። ግንባሯን ጀርባዬ ላይ አሳረፈች። ሸሚዜ ሲርስ ተሰማኝ።

ገበያ አልሄደችም። እስከ ምሳ ድረስ ፀጉሬን ፈትታ፣ ቅቤ ቀብታ፣ ሹሩባ ሠራችኝ። ሲያመኝ ቀስ ትላለች፣ ስትረሳ ትስባለች። እማዬ ከአልጋዋ ሆና ታየን ነበር። ለባሕር ዳር ትኬት ቁረጡ አለች፤ ሌላ ነገር አልጠየቀችም።

ጥቅምት 8፣ ባሕር ዳር

በሌሊት ወጥተን ረፋዱ ላይ ደረስን። ሽታዬ መንገዱን ሙሉ ጃኬቷን ከትከሻዬ ሥር አጥፋ አስደግፋኛለች። እስከ ሰባት ሰዓት ድረስ ሆስፒታሉ ሰልፍ ላይ ነበርን። መዝጋቢዋ ስም ጠየቀች፤ የኔአለም መንግስቱ። ዕድሜ። አድራሻ። ሥራ?

እኔ ምን እንደምል ስፈልግ ቆየሁ። ሰንጠረዡ ላይ የለሁም። ውድድር የለኝም። ሥራ የለኝም ልል አፌን ስከፍት ሽታዬ ከኋላዬ በትከሻዬ በኩል አንገቷን አስገባች።

"ቴኒስ ተጫዋች ናት" አለች። "እንደዚያ ብለሽ ጻፊው።"

ቃሉን ከአፏ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ጻፈችው።

ሐኪሙ ጨዋ ሰው ነው፤ ነገር አላዞረብኝም። ጅማቱ ተበጥሷል፣ ቆይቷልም፤ ቀዶ ጥገና ይፈልጋል። ከዚያ በኋላም ለዓመት ያህል ኳስ ከላይ መምታት የለም። ወደ ውድድር እመለሳለሁ ወይ ስለው ለዚያ ቃል አልሰጥሽም አለኝ። ክንድሽን ግን ትጠቀሚበታለሽ፣ ልጅም ታቅፊበታለሽ፣ ሰውም ትደግፊበታለሽ አለኝ። ሽታዬ መሬት መሬት አየች።

አሁን ግቢው ውስጥ ጃካራንዳ ዛፍ ሥር ነን። ሽታዬ ደክሟት ጭኔ ላይ ራሷን ጥላ ተኝታለች፤ ይኸን የምጽፈው ደብተሩን አግዳሚው ላይ አስደግፌ ነው። ቅድም ሂዊ ጋ ደውዬ ነበር። ናይሮቢ ናት፤ የመጀመሪያውን ዙር ተሸንፈዋል። የትከሻዬ ጅማት ተበጥሷል አልኳት።

"ኪጋሊ ላይ አውቄያለሁ" አለችኝ። "ያን ቀን ነፋስ አልነበረም፣ ዓለምዬ።"

ለምን አልነገርሽኝም አልኳት። እስክትነግሪኝ እየጠበቅሁ ነበር አለች። እዚያ ኳስ ሲመታ ይሰማኛል፤ ከሜዳው ዳር ሆና ነው የምታናግረኝ። አለቀስኩ፤ እሷም እንዳለቀሰች አውቃለሁ።

ከዚያ ብቻሽን ነሽ እንዴ አለችኝ።

"አይ፣ ከእህቴ ጋር ነኝ" አልኳት።